አውራ ጣቱን ልኮ ራሱ የቀረው ሰፈር

ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የማየው አውራ ጣቱን ነው። አትሳቅብኝ። ድሮ ፊት ይታይ ነበር። ዛሬ ፊት የት ይገኛል? ሁሉም አቀርቅሯል። የሚታየው አናትና አውራ ጣት ብቻ ነው። ከአናቱ ማን መመለጥ እንደጀመረ አውቃለሁ፤ ከአውራ ጣቱ ደግሞ ማን ስልክ ላይ እንደሚውል። የእኛ ሰፈር ሰው አውራ ጣት ከወንድሞቹ ተለይቶ ወፍሯል። የባጃጅ ነጂው የጎረቤቴ የነጂብማ አውራ ጣት ጓንት አይገባም። ዋላሂ!

እንዲህ ስልህ የተማረ ሰው የሚያወራህ እንዳይመስልህ። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት አጥሩን ላጥር ብቻ ነው። ፊደልም የለቀምኩት ሂርማታ ገበያ ካሉ የሱቅ ታፔላዎች ነው። ሰፈሬ ከጅማ ወደ አጋሮ ስትሄድ ከአስፋልቱ ወደ ግራ ገባ ብላ ቡና ውስጥ የተደበቀች ናት። ሰው ስሜን ትቶ አባ ኮልፋ ይለኛል። ኮልፋ በኦሮምኛ ሳቅ ነው። የሳቅ አባት። ሌላ የምጠራበት ሀብት ስለሌለኝ ተቀበልኩት።

ስልክ ሰው አበላሸ የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ስልክ ምን አደረገ? እሱ እንደሆነ ተቀምጧል። የምንነካካው እኛ ነን።

ሽማግሌያችንን አባ ዲጋን ልንገርህ። አባ ዲጋ በስልክ ሲያወሩ ድምፃቸውን በርቀት ይመጥናሉ። እዚሁ ቅርባችን ሰቃ ላለ ሰው በሹክሹክታ። ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ላገባችው ልጃቸው በወግ። አዲስ አበባ ላለ ሰው ተነስተው ቆመው። ጂዳ ላለው ልጃቸው ግን ከቤት ይወጡና ጓሮ ያለው ኩይሳ ላይ ወጥተው ነው የሚጮኹት። ኩይሳው ውስጥ ያለው ምስጥ ሁሉ አገር ለቆ ሄዷል። አንድ ቀን፣ ኧረ አባ ዲጋ፣ ስልኩ ራሱ ያደርሰዋል እኮ፣ ብላቸው፣ ጂዳን ታውቀዋለህ ወይ አሉኝ። አላውቀውም አልኩ። መሃል ላይ ባህር አለ አሉኝ። ባህር ካለ ይጮሃላ።

የአጎቴ ልጅ ደግሞ አለ። አዲስ አበባ ሄዶ የሚመለስበት ቀን ደወልኩለት። ሰኮሩ ደርሻለሁ፣ መጣሁ መጣሁ አለኝ። ደስ ብሎኝ ጅማ መናኸሪያ ሄጄ ቆምኩ። አውቶብስ መጣ፣ የለም። ሌላ መጣ፣ የለም። እግሬ ሥር ሰደደ። ለካስ ያኔ ሲያወራኝ አዲስ አበባ ከተኛበት አልጋ አልወረደም! ታዲያ ለምን ሰኮሩ አልከኝ ብለው፣ ደስ እንዲልህ ብዬ ነዋ አለኝ። እየው እንግዲህ። ሰው ስልክ ሲይዝ ደግ ይሆናል። ደስ ሊያሰኝህ ይፈልጋል። መምጣቱ ነው የሚከብደው።

ከሰው ይልቅ የሚገርመኝ የአህያዬ የሎሚ ነገር ነው። ሎሚ ብልህ ናት። እሷን እየነዳሁ ስልክ ሲጮህ እቆማለሁ፤ እሷም ትቆማለች። አውርቼ ስጨርስ "እሺ በቃ፣ ቻው" እላለሁ፤ እንሄዳለን። ይህን ተምራ የማንም ስልክ ሲጮህ ቀጥ ትላለች። "እሺ በቃ፣ ቻው" እስኪባል ብትገፋት፣ ብትለምናት፣ ብትመታት ንቅንቅ የለም። አስበው፣ በገበያ ቀን ሂርማታ ይዣት ስገባ! አንዱ ስልክ ዘጋ ስትል ሌላው ይጮሃል። አንድ ሐሙስ ጥሬ አቮካዶ ጭኜ በአንዱ ጫፍ ገብቼ በሌላው ጫፍ ስወጣ በስሏል። ሎሚንና ስልኬን ያዝልኝ፤ ኋላ እንፈልጋቸዋለን። ስልኬ ባለ ቁልፍ ናት። ትደውላለች፣ ባትሪ ታበራለች፣ ጀርባዋ እንዳይወድቅ በላስቲክ ታስራለች። ካሜራ የላትም። የሰጡኝ ጎረቤታችን አዴ ዘሃራ ናቸው፣ አዴ እትዬ እንደማለት ነው፤ ሂክማ ልጃቸው ታች ስልክ ስትገዛላቸው፣ አሮጌዋን ለኔ አሉ።

አሁን ወደ ነገሬ።

ድሮ በእኛ ሰፈር የተቸገረ ሰው ጉብታ ላይ ይወጣ ነበር። ከመስጊዱ በላይ ያለች ጉብታ ናት። እዚያ ወጥቶ "ያ ነማ! ኮታ!" ብሎ ይጮሃል፤ እናንተ ሰዎች፣ ኑ ማለት ነው። ይህ ከተሰማ ወጥ የምታማስል ማማሰያዋን ጥላ፣ ጢሙን የሚላጭ በግማሽ ጢሙ ይመጣል። ቤት ሲቃጠል፣ ላም ገደል ስትገባ፣ በተሰጣ ቡና ላይ ዝናብ ሲመጣ። ጤነኛ ሆኖ የቀረ ሰው እሳት አይጫርለትም። ሲሞትም ቀባሪው እያዛጋ ነው የሚቀብረው።

ኋላ ነጂብ ግሩፕ ከፈተ። ሰፈሩ እንዳለ ስልክ ውስጥ ገባ። ከእንግዲህ ጉሮሮ ይረፍ፣ ችግር ያለበት ይጻፍ ተባለ። ጥሩ ነው አልን። ጉብታዋን ፍየል ወረሳት።

አዴ ዘሃራ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ከሂክማ ጋር ነው የሚኖሩት። ቤታቸው ቆርቆሮ ነው ግን ወንፊት ብትለው ይቀላል። ክረምት ሲገባ ድስቱም ሳህኑም ከምድጃ ወደ መኝታ ይዛወራል፤ ጠብታ ሲቀበል ያድራል። ዘንድሮ ግን ቡናው ያዘ። ሲያፈራ ቅርንጫፉ መሬት ሳመ። አዴም ምለው፣ በዚህ ቡና ቆርቆሮዬን ካልቀየርኩ ዘሃራ አትበሉኝ አሉ።

ቡናው አልጋ ላይ ነበር። አልጋ የምለው ሽቦ የተወጠረበትን የእንጨት ቆጥ ነው፤ ቡናው እዚያ ተሰጥቶ ይደርቃል። በእኛ አገር ሰው መሬት ይተኛል፣ ቡና ግን አይተኛም። ደርሶም ነበር። ፍሬውን ስትነቀንቀው ይንሿሿል። አሁን ዝናብ ከነካው ይሻግታል። የሻገተ ቡና ይዘህ ስትሄድ ነጋዴው አንዴ ያሸትና ፊቱን ያዞራል። የዓመት ልፋት በአንድ ማሽተት አለቀ ማለት ነው።

ኅዳር ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ሎሚን ይዤ በደጃቸው ሳልፍ ከጊቤ በኩል ደመና መጣ። እንዴት ያለ ደመና! ጥቁር፣ ሆዱ የተነፋ፣ ሳይጠራ ሰርግ ቤት የሚመጣ ዘመድ የሚመስል። አዴ ዘሃራ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቡናው አልጋው ላይ እንደተዘረጋ ነው።

"አዴ፣ ደመናውን አላዩትም እንዴ?" አልኩ።

"አየሁት እንጂ። ሂክማ ግሩፑ ላይ ጻፈች። ሰው እየመጣ ነው።"

ሂክማ ስልኳን ይዛ ሮጣ መጣች። "አባ ኮልፋ፣ ሁሉም መልሷል! ይኸው!"

አየሁት። አውራ ጣት ነው። ቀጥ ያለ አውራ ጣት፣ እንደ በቆሎ ማሳ ተሰልፏል። መሃል መሃል ላይ ለዱዓ የተዘረጉ እጆች። አንዷ የሚያለቅስ ፊት ልካለች። አባ ዲጋ በድምፅ፣ አይዞሽ ዘሃራ፣ አላህ ያግዝሽ ብለዋል፤ ቅርብ ስለሆነ በሰቃ መጠን ነው የተናገሩት። አንዱ ብልህ ደግሞ ጃንጥላ ላከ። የጃንጥላ ሥዕል! ያንን ቡናው ላይ እንዘርጋው?

አዴ በሩን ያያሉ። ደመናውን ያያሉ። ደግሞ በሩን። "ይመጣሉ፣ አይደል?" አሉኝ ቀስ ብለው።  

አጥር ዘልዬ ነጂብ ጋ ሄድኩ። ነጂብ ከአዴ ቡና ድንጋይ ብትወረውር የሚደርስበት ቦታ፣ ማንጎ ሥር ተጋድሟል።

"አልተጠራህም?" አልኩት።

"ተጠራሁ እንጂ፣ አባ ኮልፋ። መለስኩ እኮ!"

"ሄድክ?"

"ላይክ አድርጌያለሁ ስልዎት! እንዲያውም የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ሙድ ሊይዙብኝ ነው?"

ወዳጄ፣ ነጂብ እየዋሸ አልነበረም። ክፉም ልጅ አይደለም። ፊቱ ላይ ሥራ ሰርቶ የመጣ ሰው ድካም አየሁበት። አውራ ጣቱ ሄዶ ቡናውን ሰብስቦ የተመለሰ ያህል ነው የተሰማው። ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር። ሁሉም ቤቱ ተቀምጦ፣ አዴ ዘሃራን ስለረዳ ደስ ብሎታል።

እንግዲህ ጉሮሮ ምን ሊሰራ ተፈጠረ? ጉብታዋ ላይ ወጣሁ። ፍየሎቹን አባረርኩና "ያ ነማ! ኮታ!" አልኩ። ድምፄ አጋሮ ደርሶ ተመለሰ። በር ሁሉ ተከፈተ። ሰው ወጣ። ደስ አለኝ። ከዚያ ምን አደረጉ? ሁሉም ስልኩን አወጣና ግሩፑን አየ። ይሄ ሰውዬ በምን ጉዳይ ነው የሚጮኸው ብሎ ለማጣራት። አዩና፣ አሃ፣ የዘሃራ ቡና ነው፣ ለዚህማ አውራ ጣት ልኬያለሁ አሉ። ተመልሰው ገቡ! በሮቹ ሲዘጉ አንዱ በር ጓ፣ ሌላው ጓ፣ በጀማ የሚያጨበጭቡልኝ መሰለኝ።

ደመናው የአባ ዲጋን ኩይሳ አልፏል። ሰይጣን ይሁን መልአክ አላውቅም፣ አንዱ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለኝ። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ላስቲኳን አጠበቅሁ። ከፍ አድርጌ ያዝኳትና ጮኽኩ።

"ላይቭ ነው! ላይቭ ነው! የአዴ ዘሃራ ቡና ሲሰበሰብ ከጂዳ እስከ ዱባይ እየታየ ነው! የመጣ ይታያል! የቀረ በስሙ ይነበባል!"

ያልኩት ይህንን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግርህ ታጋንናለህ ትለኛለህ። አላጋንንም። ሰው ከበር ብቻ ሳይሆን ከመስኮትም ወጣ። ሴቶቹ ግማሽ መንገድ መጥተው፣ ያልታጠበ ሻሽ ይዘን እንታይ እንዴ ብለው ተመልሰው አዲስ ለበሱና እንደገና ሮጡ፤ ሆኖም ከወንዶቹ ቀደሙ። ለዓመታት ወገቤን እያለ የተኛ ሰውዬ አጥር ዘለለ። አባ ዲጋ የዒድ ኮፍያቸውን አድርገው መጡ። ነጂብ ጥቁር መነጽር አድርጎ በሩጫ ደረሰ። ደመናው ራሱ ደንግጦ ትንሽ የቆመ መሰለኝ።

ነጂብ ግን ብልጥ ነው። ስልኬን አየና፣ "ባለ ቁልፍ ስልክ ላይቭ አላት እንዴ?" አለኝ።

"አዲስ ሲስተም ነው" አልኩት። "ጅማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለ ስልክ ጠጋኝ ነው የጫነልኝ። ያንተ ስልክ ገና አልደረሰውም እንዴ?"

ነጂብ ወደ ጎን ወደ ሰዉ አየ። "አይ… ሰምቻለሁ። እሷን ነው እንዴ?" አለና ጆንያ አነሳ። አየህ፣ ሰው ከውሸት ይልቅ ወደ ኋላ መቅረትን ይፈራል።

ሥራው ጦፈ። ግማሹ ቡና ያፍሳል፣ ግማሹ ጆንያ ይይዛል፣ ግማሹ ላስቲክ ይጎትታል። ሦስት ግማሽ አልክ አትበለኝ፤ ሰው በዝቶ ነው። እኔ ስልኬን ይዤ እዞራለሁ። ወደ ግራ ሳዞራት ግራው ይቃጠላል፣ ቀኙ ይበርዳል። ወደ ቀኝ ሳዞራት ቀኙ ይነሳል። እሳት በማራገቢያ እንደማራገብ ነው። የደከመው ካለ ጠጋ እልና ፊቱ ላይ እይዛታለሁ፤ ሁለት ጆንያ ባንዴ ያነሳል። አባ ዲጋ መጥተው ስልኬ ፊት ቆሙና፣ "ልጄ! አባትህ ነኝ! ይኸው እየሰራሁ ነው!" አሉ። በጂዳ መጠን ነው የጮኹት። አንዱ ጆሮዬ እስከዛሬ እሱን ነው የሚሰማው።

የቀረው ጥግ ያለው አልጋ ብቻ ሆነ። እሱንም አፈስንና ጆንያዎቹን ሎሚ ላይ ጫንን። ወደ ቤት ነዳናት። በሩ ላይ ስትደርስ፣ ግማሽ አካሏ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ፣ ስልክ ጮኸ።

የኔው ስልክ! ላይቭ የምታስተላልፈው!

ሎሚ ቀጥ። በሩን እንደ ቡሽ ወተፈችው። የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ከኋላ ሰው ጆንያ ተሸክሞ ተሰልፏል፤ አዴ ዘሃራ ከውስጥ "ያ ረቢ!" ይላሉ። ነጂብ መነጽሩን አወለቀ። "ላይቭ ላይ ሆና ትጮሃለች እንዴ?" አለ።

"የሚያዩት ናቸው የደወሉት!" አልኩና አነሳሁ። ሚስቴ ናት።

"የት ነህ አንተ? ጨው ይዘህ ና" አለችኝ።

"እሺ፣ እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

"ለማን ነው የምትነግረው?"

"አዎ፣ አባ ዲጋም በደንብ ይታያሉ።"

"የቃምከው ጫት ዛሬ ከየት ነው የመጣው?"

"ነጂብንም አይተውታል። ጎበዝ ነው አሉ? እሺ!"

"ኧረ ሰውዬ፣ እዚያው እንዳትደርቅ—"

"እሺ በቃ፣ ቻው!" አልኩ።

ሎሚ ገባች። ቀሪው ጆንያ ተከትሎ ገባ። ሰው ገባ። ዝናቡም እንደ ባልዲ ተገለበጠ። ሚስቴ ስልክ ስለዘጋሁባት ያን ሳምንት ወጥ ያለ ጨው አበላችኝ። ጨውማ የረሳሁት እኔ ነኝ።

እቤት ውስጥ ሆነን ምን እንደሚመስል ላሳይህ። ቡናው መሃል፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ደርቆ። ሰፈሩ በሙሉ ዙሪያውን ተጨናንቆ። ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ጠብታው ቡናውን ትቶ አናት በአናት ይወርዳል። የአባ ዲጋ የዒድ ኮፍያ ኩባያ ሆነ። ሰው ይስቃል። ስልክ ያወጣ የለም፤ ማውጫ ቦታ ስላልነበረ ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። አዴ ዘሃራ አንድ በአንድ እጅ እየሳሙ፣ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ይላሉ። እንባቸውና ጠብታው ተቀላቅሎ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር።

ከዚያ የፈራሁት አልቀረም። ነጂብ፣ በል ቪዲዮውን አሳየን አለ። ሁሉም ወደኔ ዞረ።

"ኔትወርክ" አልኩ።

በቃ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አይ ኔትወርክ! አንዱ ረገመው፣ አንዱ ተጸጸተ። በእኛ አገር ያላጠፋው ጥፋት ሁሉ የሚጫንበት እንደ ኔትወርክ ያለ ምስኪን የለም።

ስወጣ አዴ ዘሃራ በር ላይ ያዙኝ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው ጎተቱት። "ይህችን ስልክ የሰጠሁህ እኔ ነኝ" አሉኝ። "ካሜራ የላትም።" ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ጆሮዬን ለቀቁና፣ "ቆርቆሮው የሚመታ ቀን ይዘሃት ና" አሉኝ።

ተረቱ "ውሸት እግር የላትም" ይላል። የኔ ውሸት እግር ብቻ አይደለም፣ አውሮፕላን አላት። አባ ዲጋ ኩይሳቸው ላይ ወጥተው ልጃቸውን፣ አየኸኝ ወይ ብለው ጠየቁት። ልጅየው አባቱን ላለማሳዘን፣ አየሁዎት አባባ፣ ኮፍያውም አምሮብዎታል አለ። አባ ዲጋ ወርደው ለሰፈሩ ነገሩ። ነጂብ፣ እኔማ ትናንትና ነው ያየሁት አለ። አላየሁም ያለ ሰው ገጠሬ ሊባል ነው። ስለዚህ ሁሉም አየ። ከሳምንት በኋላ አጋሮ ስሄድ የማላውቀው ሰው አስቁሞኝ፣ ያቺን አህያ በር ላይ የቆመችውን አየሁ፣ አሳቀችኝ አለኝ። ስለ ሎሚ ማን ነገረው?

አዴ ቡናቸውን ሸጡ። ቆርቆሮ ተገዛ። ሊመታ ቀን ተቆረጠ። ግሩፑ ላይ ተጻፈ፤ አውራ ጣቱ ጎረፈ። አንድ ሰው ግን ከአውራ ጣቱ ሥር፣ አባ ኮልፋ ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይኖራል ተባለ። ሰፈሩ በጠዋት ከነመዶሻው መጣ፤ ፀጉሩን የተላጨ አለ፣ ሽቶ የነሰነሰ አለ። እኔ ስልኬን ይዤ ዞርኩ። ከሰዓት ላይ ቤቱ ለብሶ አለቀ። ፀሐይ ሲመታው ያብረቀርቃል፤ አዴ ዘሃራ ደጅ ወጥተው በእጃቸው ግንባራቸውን ከልለው ያዩታል።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ለመታየት መጣ እንጂ ለመርዳት አልመጣም ልልህ ነበር። ግን ሽማግሌዎቹ ምሳ እየበሉ የመጀመሪያውን ቪዲዮ አነሱ። ማን እንዴት እንደሮጠ፣ ማን እንዴት እንደተሸከመ ይናገራሉ። እኔም ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። ስሜ ይነሳ ብዬ እጠብቃለሁ። አይነሳም። መጨረሻ ላይ ነጂብ ወደኔ ዞሮ፣ "እርስዎ ግን አባ ኮልፋ፣ ቪዲዮው ላይ የሉም" አለኝ።

"እንዴት የለሁም?" ብዬ ተቆጣሁ። "መጀመሪያ የደረስኩት እኔ! ጉብታ ላይ የጮኽኩት እኔ! አህያዋ የኔ!"

"የያዘው ሰው አይታይማ" አሉ አባ ዲጋ፣ እያዘኑልኝ። "ልጄም ጠየቀኝ፤ ያ ቀልደኛ ጎረቤታችሁ የት ቀረ፣ ታመመ ወይ አለኝ።"

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት። ያን ሁሉ ሮጬ፣ ጂዳ ድረስ የቀረ ሰው ተብዬ ታወቅሁ!

ስለዚህ ወዳጄ፣ በሚቀጥለው ደቦ የምትመጣ ከሆነ አንድ ነገር ልለምንህ። ስልክህ ምንም ትሁን ምን፣ ካሜራ ይኑራት አይኑራት ግድ የለኝም። ብቻ አንተ ያዝልኝ፤ እኔም እንደ ሰው አንድ ጆንያ ተሸክሜ ልታይ።